ሠላሳ ፈረስ ለአንድ ወፍጮ

ወፍጮ ያለ ቺንጋ አንድ ቀን ሊውል ይችላል፤ ያለ መካሪ ግን ግማሽ ቀን አይውልም። ከደጀን ጀምራችሁ ጎጃምን ብታቋርጡ፣ ድንጋይ የሚዞርበት ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። በጠዋት ይመጣል፣ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ያለ እሱ ምክር የተሠራ ሥራ እንደ ስህተት ይቆጠራል። ጤፉ በደንብ አልተነፋም ይላል። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ይላል። አህያዋ የቆመችበት ቦታ ልክ አይደለም ይላል። ደመወዝ የለውም፣ ዕረፍትም አይወጣም።

የይጁቤዋ ሥራነሽ ወፍጮ ቤት መካሪ አቶ አምሳሉ ናቸው። ገበያው “ሊቀ ሞተር” የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ማን እንዳወጣላቸው በእርግጥ አይታወቅም፤ ቅኔ ቤት ከርሞ የመጣ አንድ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ግን ቀልዱን ለባለቤቱ ትተው ማዕረጉን ወስደዋል። “ሊቀ ሞተር፣ እንዴት አደሩ?” ያላቸውን ሰው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ሹመኛ ነው የሚመልሱለት።

የሊቀ ሞተር ትምህርት አንዲት ቃል ናት፤ “ኃይል ጎድሎ ይገድላል እንጂ ተርፎ አይገድልም።” መዶሻ የሚገዛም፣ የእርሻ በሬ ዋጋ የሚነጋገርም፣ ለልጁ የእጅ ባትሪ የሚመርጥም ይህችኑ ይሰማል። ደብሩ ድምፅ ማጉያ ሊገዛ ሲመክር፣ ለሦስት ደብር የሚበቃውን አስገዙ። በመጀመሪያው እሑድ ሰባኪው ገና “በስመ አብ” ሲል፣ ጣሪያው ሥር ይኖሩ የነበሩት እርግቦች በአንድነት ተነሥተው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። “ለቅዳሴ የመጡ ቢሆኑ ኖሮ ይቆዩ ነበር” አሉ ሊቀ ሞተር። የሰፈሩ ውሃ መሳቢያም ሲቀየር ትልቁን አስመረጡ። መሳቢያው የተገጠመ ዕለት ረፋዱ ላይ ውሃውን ጨርሶ ጭቃ መትፋት ጀመረ። ሕዝቡ ባልዲውን ይዞ ዞሮ ቢያያቸው፣ ሳይደነግጡ “ጉድጓዱ ነው ያነሰው” አሉ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጡት የሚል ካለ፣ ከአባይ በረሃ ነው። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ያን ጊዜ የረዳት ዋና ሥራው ታኮ መያዝ ነው፤ መኪናው አቀበት ላይ ሲደክመው ዘሎ ወርዶ፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር እንጨት መወሸቅ። ሊቀ ሞተር ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን አቀበት ከመኪናው ውስጥ ተቀምጠው ያዩት ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን ታኮ ታቅፈው ከኋላ እየሮጡ ነው የወጡት። ወሬውን ሥራነሽ ስንቴ እንደሰማችው እሷም አታውቅም። በተነገረ ቁጥር ጭነቱ ይከብዳል፣ ገደሉም ይጠልቃል።

ከምክራቸው ይልቅ ሥራነሽን የሚያናድዳት ግን ሌላ ነገር ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ሲደንዝ ይወቀራል። ከተወቀረ በኋላ የሚፈጨው የመጀመሪያ እህል አሸዋ አያጣውምና፣ ማንም ሴት ቀድማ አታፈስም። “አንቺ ቅደሚ”፣ “ኧረ ባይሆን አንቺ” እየተባባሉ ወረፋው ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ቀን ቀድሞ ላስፈጨ ሰው ዋጋ አይጠየቅም፤ እህሉ ለድንጋዩ ማጠቢያ ነው። ታዲያ ሊቀ ሞተር እህል ይዘው ወደ ወፍጮ የሚመጡት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ትንሽ ጆንያ በቆሎ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከተፍ ይላሉ፣ ያስፈጫሉ፣ ሳይከፍሉ ይሄዳሉ። “በነፃ ከሆነ አሸዋም ይበላሉ” ትላለች ሥራነሽ በሆዷ።

ዘንድሮ ጥር ሲገባ የሥራነሽ ሞተር ታመመ። ጤፍ ሲፈስበት ያቃስታል፤ ድንጋዩ ጠበቅ ሲል ይታነቃል፤ ከታነቀም ቤቱ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ደብረ ማርቆስ ተወስዶ ሽቦው እንደ አዲስ ተጠቅልሎ መጥቷል፤ ደግሞም ተጠቅልሎ መጥቷል። ጠቅላዩ በመጨረሻ “እህቴ፣ ይኼን ካሁን በኋላ አታምጪብኝ” ብሎ አሰናበታት። በዚያው ሰሞን ከላይ ሰፈር ሌላ ወፍጮ ተከፈተ። የሥራነሽ ደንበኞች ጆንያቸውን ጭነው በበሯ ሲያልፉ “መንገዴ ስለሆነ ነው” ይሏታል። መንገዳቸው ያልሆነውም እንደዚያው ይላሉ።

ሥራነሽ ይህን ወፍጮ ያቆመችው ከባሏ ተለይታ፣ “ሴት ብቻዋን ወፍጮ ታንቀሳቅሳለች?” ያለውን ሁሉ ዝም ብላ አልፋ ነው። ስሟ በጤፍ ዱቄት ወጥቷል። የእሷ ዱቄት ይልማል፣ አይጠቁርም፣ እንጀራው ዓይን ያወጣል ይባላል። አሁን ይህ ስም ቀስ እያለ ወደ ላይ ሰፈር ሲሄድ በዓይኗ እያየች ነው። ሌት ተቀን አንድ ሐሳብ ሆነባት፤ አዲስ ሞተር መግዛት። ላሞቿን ሸጠች። ሞተሩ ልክ ካልሆነ ለሁለተኛ የምትሸጠው ላም የላትም።

በዚህ ላይ ወይዘሮ የኔአለም መጡ። ወይዘሮ የኔአለም የሊቀ ሞተር ጎረቤት ናቸው፤ ልጃቸውን ሔዋንን የካቲት ሲገባ ሊድሩ ነው።

“የሰርጉን ጤፍ ካንቺ ዘንድ ነው የማስፈጨው ብዬ ለእህቶቼ ተናግሬአለሁ” አሏት። “እነሱ ግን ላይኛው ይሻላል ባዮች ናቸው። እንዳታሳፍሪኝ፣ ሥራነሽ።”

“አላሳፍርዎትም፣ እትዬ።”

አለች እንጂ ዓይኗ ወደ ታመመው ሞተር ሄደ። ሰርግ ላይ እንጀራ ከጠቆረ አገሩ ሁሉ “የት ተፈጨ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱም ከሙሽራዋ ስም ጋር ለብዙ ዘመን ይኖራል።

የሞተሩን ልክ የሚነግራት ሰው ከደብረ ማርቆስ አስመጣች። ሀይለመለኮት ይባላል፤ የኤሌክትሪክ መምህር ነው፣ በትርፍ ጊዜው ሞተር ይተክላል። ቁጥብ ሰው ነው። የድንጋዩን ስፋት ለካ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሊ አየ፣ ቆጣሪውን አየ፣ ወጥቶ ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር አንጋጦ ተመለከተ። ሊቀ ሞተር ጆንያቸው ላይ ሆነው በዓይናቸው ተከተሉት።

“የድሮው የአሥር ፈረስ ጉልበት ነበር፤ ለዚህ ድንጋይ ያንሳል” አለ ሀይለመለኮት። “አሥራ አምስት ልኩ ነው።”

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ወደ ጆንያው ዞሩ።

“አሥራ አምስት” አሉ ሊቀ ሞተር፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። “ልጄ፣ ያንተን ትምህርት አልነቅፍም። ግን ይኼ ጤፍ ነው፤ ሽሮ አይደለም። ሠላሳ ነው የሚያስፈልጋት።”

“ሠላሳው ሲነሣ የሚበላውን ከየት ያመጣል፣ አባቴ? ፈረሶቹን የሚቀልባቸው ያ ትራንስፎርመር ነው። ጤና ጣቢያውም ከሱ ነው የሚያገኘው። ሠላሳ ፈረስ ባንዴ ሲነሣ የመስመሩ ኃይል ይወድቃል፤ የክትባቱ ማቀዝቀዣም አብሮ ይጠፋል።”

“እንግዲያው ትራንስፎርመሩ ነው ያነሰው።”

ሴቶቹ ሳቁ። ሥራነሽ አልሳቀችም። ሀይለመለኮት ልክ ይመስላታል፤ ነገር ግን አሥሩ ፈረስ ሲታነቅ የሰማችው እሷ ናት፣ ያን ድምፅ በሕልሟም ትሰማዋለች። አሥራ አምስቱስ ቢታነቅ? በድንጋዮቹ መካከል የቀረው የሰርግ ጤፍ ቢያርርስ?

ሀይለመለኮት ከሄደ በኋላ ሊቀ ሞተር ወደ እሷ ተጠጉ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

“ሥራነሽ፣ አቀበት ላይ የቆመ መኪና ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ይጮኻል፤ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አንድ ቀን ታኮው አልያዘልኝም። ጉልበት ቢኖረው ኖሮ . . .”

አልጨረሱትም። ይህን ወሬ እንዲህ አሳጥረው ሲያወሩት ሰምታ አታውቅም፤ ያ ደግሞ ይብስ አስፈራት።

ሞተሩን ልትገዛ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ሊቀ ሞተር ሳይጠሩ አብረው ተሳፈሩ። “ብቻሽን ከሄድሽ ያታልሉሻል” አሉ። እስኪደርሱ ድረስ ሾፌሩን ማርሽ መቼ እንደሚቀይር ሲያስተምሩት ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለቱም ሞተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሊቀ ሞተር ሠላሳውን ዞሩት፣ በሬ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፣ ወደ ሥራነሽም ቀና ብለው “ይኸውልሽ፣ ወፍጮ ማለት ይኼ ነው” አሉ። ሻጩም ትርፉን አይቶ “አባት እውነታቸውን ነው” አለ።

ሥራነሽ ላሞቿን አሰበች። ማቀዝቀዣውን አሰበች።

“አሥራ አምስቱን ስጠኝ” አለች።

ሊቀ ሞተር አንድ ቃል አልተናገሩም። ሞተሩ ሲጫን ዝም፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ዝም። ሾፌሩ አቀበቱ ላይ ማርሽ ሳይቀይር ዘግይቶ ሞተሩ ሲያጉረመርም እንኳ ዝም። ሥራነሽ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ይጁቤ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው “ደህና ዋይ” ብለው ሄዱ። በማግስቱ ጆንያው ባዶውን ዋለ። ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። “ሊቀ ሞተር አኮረፉ” ተባለ። ሥራነሽ እፎይ የምትል መስሏት ነበር፤ ነገር ግን ቺንጋ ባጠበቀች ቁጥር “ላልቷል” የሚላት ሰው ፍለጋ ዞር ትላለች።

ሞተሩ የሚተከልበት ቀን ደረሰ። ሀይለመለኮት መጥቶ አሰረው፣ ፑሊውን አስተካከለ፣ ቺንጋውን ጎተተ። ወፍጮው ከተከፈተ አይቀር ብሎ የቤቱ ሠራተኛ ፈንታ ድንጋዩን ወቀረው። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ደጃፉ በሴቶች ሞላ፤ ገሚሱ ጆንያ ይዟል፣ ገሚሱ ለማየት ነው የመጣው። ወይዘሮ የኔአለምም የሰርጉን ጤፍ በሁለት አህያ አስጭነው ከእህታቸው ጋር ቆመዋል።

ሀይለመለኮት ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ ተነሣ፤ ድንጋዩ ባዶውን ለስላሳ ዞረ። ሥራነሽ ትንፋሿ መለስ ሊል ሲል፣ የወይዘሮ የኔአለም እህት “ባዶ ሲሆን የማይዞር የለም፤ ጤፍ ሲገባበት ነው የሚታየው” አለች።

እውነቷን ነው። የሞተር ጉልበት የሚለየው እህል ሲጫነው ነው፤ እህል ለመጫን ደግሞ የሚቀድም ሰው ያስፈልጋል።

“እሺ፣ ማን ይቅደም?” አለች ሥራነሽ።

ማንም አልተነቃነቀም። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ፣ አዲስ የተተከለ ሞተር፤ ሁለት መከራ በአንድ ጆንያ ማን ይወዳል? አንዷ የጆንያዋን አፍ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። አንዷ ልጄን ልይ ብላ ወጣች። ሥራነሽ ለድንጋዩ ማጠቢያ የሚሆን የራሷ በቆሎ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ አንዲት ቁና እንኳ የለም። አስቀምጣም አታውቅም። ይህን ወፍጮ ካቆመች ጀምሮ ለድንጋይ ማጠቢያ የሚሆን እህል ፈልጋ የማታውቅ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። ሁልጊዜ ተሸክሞ የሚያመጣው ሰው ነበር። ሊቀ ሞተር ይቀመጡበት ወደነበረው ባዶ ጆንያ አየች።

“ሥራነሽ” አሉ ወይዘሮ የኔአለም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ “እህቴ ወደ ላይ እንሂድ እያለችኝ ነው። ምን ላድርግ?”

ሥራነሽ የጭነት ገመድ ጠበቅ ሲደረግ፣ አህያዎቹ ሲዞሩ ሰማች። ሞተሩ ባዶውን ይዞራል፤ ሀይለመለኮትም መሬት መሬቱን ያያል።

በዚህ መካከል ደጃፉ ላይ ያሉት ሴቶች መንገድ ለቀቁ። ሊቀ ሞተር አምሳሉ ናቸው። ትከሻቸው ላይ ያለው የወትሮዋ ትንሽ ጆንያ አይደለችም፤ ጎንበስ ያደረጋቸው ትልቅ ጆንያ ነው። ማንንም ሰላም አላሉም። ጆንያውን ወፍጮው ሥር አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና “ማነው የሚቀድመው?” አሉ።

የጆንያዋን አፍ ያሰረችው ሴት ጆንያዋን ወደ ኋላ ሳበች።

“እንግዲያው እኔ ልቅደም። ፍቺው፣ ሥራነሽ።”

ፈታችው። በቆሎ አልነበረም። እጇን ብትከት ነጭ ማኛ ጤፍ ነው፤ አንድ ሰው ለፋሲካ የሚያስቀምጠው ዓይነት።

“ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማኛ ነው!”

“አውቃለሁ። በቆሎ ሞተር አይፈትንም።”

“አሸዋ አለበት። ደግሞ ቢያርርስ?”

“ያርራል እንጂ። በአሥራ አምስት ፈረስ ምን ሊሆን ኖሯል?”

“ታዲያ ለምን አመጡት?”

ሊቀ ሞተር ወደ በሩ፣ አህያዎቹ ላይ ወዳለው ጤፍ ተመለከቱ። ሲመልሱላት ከእሷ ሌላ የሰማ የለም። “የሙሽራዋ ከሚያርር የኔ ይረር። ካንቺ ስምም የኔ ጤፍ ይቅለል። አፍስሺ።”

አፈሰሰች። ጤፉ ወደ ድንጋዩ ሲወርድ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ፈዘዘ። ሀይለመለኮት እጁን ማጥፊያው ላይ አደረገ። ሥራነሽ ያን የምታውቀውን መታነቅ ጠበቀች። ሊቀ ሞተር ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰውነታቸውን ወደፊት ገፋ አድርገው ቆመዋል፤ አቀበት ላይ ያለ መኪና የሚገፉ ይመስላሉ። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ያዘ። ቀስ ብሎ ወጣ። አምፖሉ በራ። ዱቄቱ መውረድ ጀመረ።

ሊቀ ሞተር መዳፋቸውን ከዱቄቱ ሥር ዘረጉ። ሙቀቱን አዩ። በጣታቸው ፈተጉት። ቆንጥረው ወደ አፋቸው ከተው በፊት ጥርሳቸው አኘኩ፤ ወፍጮ ቤቱ በሙሉ መንጋጋቸውን ያያል።

“አሸዋ አለው” ብለው ተፉ። “ጨምሪ።”

ጨመረች። እንደገና ቀመሱ፣ እንደገና ተፉ። ጆንያቸው ጎደለ፣ ወደ ታች ዘለቀ፣ ጥቂት እፍኝ ሲቀረው አኘኩና ዋጡት። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው “የኔአለም፣ አህያሽን መልሺ። ጤፍሽን አቅርቢ” አሉ።

ወይዘሮ የኔአለም ወደ እህታቸው እንኳ አላዩም። ጆንያው ሲወርድ ሥራነሽን በጎን ጠጋ ብለው፣ “እሱ ሰውዬ ደግሞ ዘንድሮ ማኛውን ለዶሮ ሊበትን ነው?” አሏት።

“ለምን ለዶሮ?”

“ከዚህ በድንጋይ ማጠቢያ የሚወስደውን ሁሉ ለዶሮ አይደል እንዴ የሚበትነው? ቤታችን ግድግዳ ነው የሚለየን፤ አንድ ቀን ሲበላው አላየሁም። ‘ወረፋው እንዲሄድላት ነው’ ይላል።”

ሥራነሽ ሊቀ ሞተርን አየቻቸው። ዱቄት ለብሰው፣ ያን አሸዋ የገባበትን የፋሲካ ማኛ በጆንያ እየሰበሰቡ ነው። ገና አሁን ገባት። ረዳት ማለት እንዲህ ነው። “ይቺ መኪና አትወጣም” እያለ ሾፌሩን ይጨቀጭቃል፤ ሾፌሩ እምቢ ብሎ ከነዳ ግን፣ ታኮውን ታቅፎ ከኋላ የሚሮጠው ያው ጨቅጫቃው ነው። በነፃ አሸዋ ይበላሉ እያለች በሆዷ ታማቸው የነበረውን ሁሉ አስታወሰች። ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን ጆንያ አራግፋ ቦታው ላይ አነጠፈችላቸው።

“ቁጭ ይበሉ፣ ጋሼ።”

ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “ቺንጋው ላልቷል” አሉ።

የሔዋን ሰርግ አለፈ፤ እንጀራው ነጭ ነበር፣ ዓይኑም ይቆጠር ነበር። ላይኛው ሰፈር ሄደው የነበሩ ሴቶችም አንዳንድ እያሉ ተመለሱ፤ አሁንም “መንገዴ ስለሆነ ነው” ይላሉ።

ጾም ሊገባ ሲል ከጉንደ ወይን አማረ የሚባል ባለ ወፍጮ ሞተሩን ሊያይ መጣ። እሱም ሊቀይር አስቧል። ወፍጮው ጤፍ ሲፈጭ ቆሞ አዳመጠ፣ ዱቄቱን በመዳፉ አየ፣ በጣም ወደደው።

“እንዲህ ልክ የሆነ ሞተር ማን መረጠልሽ?” አላት።

ጆንያው ላይ ሆነው ይስሉ የነበሩት ሊቀ ሞተር ሳላቸው ተቋረጠ። ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ ጋቢው ግን ልክ ነበር። ሥራነሽ ሀይለመለኮትን አሰበች፤ እሱ ስሙ ቢነሣም ባይነሣም ግድ የሌለው ሰው ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ከልቧ ጠርታው የማታውቀውን ማዕረግ ጠራች።

“ሊቀ ሞተር ናቸው” አለች።

ሊቀ ሞተር አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ግን ጊዜ አላባከኑም።

“ያንተ ድንጋይ ስፋቱ እንዴት ነው?” አሉት አማረን።

“ከዚህ ጋር አንድ ነው፣ አባት።”

“እንግዲያው ላንተ ሠላሳ ነው የሚያስፈልግህ። ኃይል ጎድሎ ይገድላል እንጂ ተርፎ አይገድልም።”

ሥራነሽ እንግዳዋን እስከ ደጅ ሸኘችው። ከሊቀ ሞተር ጆሮ ሲርቁ የሀይለመለኮትን ስልክ ሰጠችውና እንዲህ አለችው፦

“ሠላሳውን ተወው፤ ይኼ ልጅ ልኩን ይነግርሃል። ድንጋዩን የወቀርክ ቀን ግን እሳቸውን አስጠራቸው።”